ሴቷ ትመርጣለች ያለው ሰው

ቻርለስ ዳርዊን ሲባል በአብዛኞቻችን ቤት መጀመሪያ የሚነሳው የዝንጀሮ ጉዳይ ነው። ሰው ከዝንጀሮ መጣ ብሏል ወይስ አላለም የሚለው ክርክር ከአቦል ጀምሮ እስከ በረካ ይዘልቃል፣ አሸናፊም የለውም። ዛሬ ወደዚያ ክርክር አልገባም። ልጽፍ የፈለግሁት ብዙ ስለማይወራለት ሌላው ዳርዊን ነው። ይህኛው ዳርዊን ወንድና ሴት እንስሳት ለምን እንደሚለያዩ፣ እንዴት እንደሚጠናኑና ማን ማንን እንደሚመርጥ ከወጣትነቱ እስከ ሞቱ ሲያሰላስል የኖረ ሰው ነው። ሴት ወፍ ወንዱን አይታና አወዳድራ ትመርጣለች ብሎ ሲጽፍ በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፣ አንዳንዶቹም ቀለዱበት። ያው ሰው ግን ወደ ሰው ልጅ ሲመጣ ምርጫውን በአብዛኛው ከሴቷ ወስዶ ለወንዱ ሰጠው። የሕይወት ታሪኩን እንዳነብ ያደረገኝ ይህ ነገር ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዳርዊን የተወለደው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በእንግሊዝ አገር፣ ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ሮበርት ስም ያለው ሐኪም ነበር፤ አያቱ ኢራስመስ ዳርዊንም እንዲሁ። እናቱ ሱዛና በሸክላ ዕቃ ሥራ ከታወቀው ከዌጅዉድ ቤተሰብ ነበረች። ልጁ ገና ስምንት ዓመቱ ሳለ ሞተችበትና ታላላቅ እህቶቹ አሳደጉት። ከትምህርት ይልቅ አደንና ጥንዚዛ መሰብሰብ ይወድ ነበር፤ አባቱም ይህ ልጅ የትም አይደርስም ብሎ ይሰጋ ነበር። በ1825፣ በ16 ዓመቱ፣ እንደ አባቱና እንደ አያቱ ሐኪም እንዲሆን ወደ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። ሐኪም ሁን የተባለ የሐበሻ ልጅ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሕክምናው አልሆነለትም። ሁለት ቀዶ ሕክምናዎች ለማየት ገባ፤ አንደኛው በሕፃን ልጅ ላይ የተደረገ ነበር። ማደንዘዣ የሚባል ነገር ገና አልተጀመረም፣ ክሎሮፎርም የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ዳርዊን ቀዶ ሕክምናው ሳይያልቅ ሮጦ ወጣ፣ ሁለተኛም ወደዚያ ክፍል አልተመለሰም። ያየው ነገር ለብዙ ዓመታት ሲያሳድደው ኖሯል። በክሊኒክ ልምምድ ላይ ያለን ተማሪዎች በዚህ የምንፈርድበት አይመስለኝም።

ኤድንብራ ግን በሌላ በኩል ጠቀመችው። እዚያው ከተማ ጆን ኤድመንስተን የሚባል፣ በደቡብ አሜሪካ ከጋያና የመጣና ከባርነት ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው ይኖር ነበር። ሙያው የሞተ ወፍ ቆዳውን ገፎ፣ ውስጡን ሞልቶ፣ በሕይወት ያለ አስመስሎ ማስቀመጥ ነበር። ዳርዊን ከእሱ ዘንድ እየሄደ ይህን ሙያ ተማረ። በኋላ በዓለም ዙሪያ የሰበሰባቸው ወፎች ሳይበላሹ እንግሊዝ የደረሱት በዚህ ሙያ ነው። የኤድመንስተን ስም በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ውስጥ ባይኖርም ዳርዊን ወፍን በእጁ ይዞ በቅርብ ማየት የተማረው ከእሱ ነው።

አባትየው ሕክምናው እንዳልሆነ ሲያይ ልጁ ቄስ ይሁን ብሎ በ1828 ወደ ካምብሪጅ ላከው። እዚያም ዋናው ሥራው ጥንዚዛ ማሳደድ ሆነ። አንድ ቀን በሁለት እጁ ሁለት ጥንዚዛ ይዞ ሳለ ሦስተኛ ዓይነት ያያል። እንዳያመልጠው አንዱን አፉ ውስጥ ጨመረው። ጥንዚዛው የሚያቃጥል ፈሳሽ ለቀቀበትና ተፋው፣ ሦስተኛውም አመለጠው። በዚያ ዘመን ልቡ የሄደባት ልጅ ደግሞ ነበረች፤ ፋኒ ኦወን ትባላለች፣ የጎረቤት ልጅ፣ ፈረስ መጋለብና ቀልድ የምታውቅ። ይጻጻፉ ነበር። እሱ ግን በበዓል ጊዜ ቤት ከመምጣት ይልቅ ጥንዚዛዎቹ ጋር ሲቀር ታዝበው ነበር።

በዲሴምበር 27 ቀን 1831፣ በ22 ዓመቱ፣ ቢግል በምትባል መርከብ ጉዞ ጀመረ። ካፒቴኑ ሮበርት ፊትዝሮይ ነበር። ሁለት ዓመት ይፈጃል የተባለው ጉዞ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ገና ብራዚል ሳለ ፋኒ ለሌላ ሰው መታጨቷን የሚናገር ደብዳቤ ከቤት ደረሰው። በዚያ ጉዞ ስላየው ነገር፣ ስለ ጋላፓጎስ ደሴቶችና ስለ ወፎቻቸው፣ ሁላችንም ተምረናልና አልደግመውም።

በኦክቶበር 1836 ተመለሰና ለንደን ተቀመጠ። በ1838 ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ይዘውት ነበር። አንደኛው ምሥጢራዊ የማስታወሻ ደብተሮቹ ናቸው፤ ፍጥረታት እንዴት እንደሚለወጡ፣ ሰውና እንስሳ በስሜት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይጽፍባቸዋል። ለንደን መካነ አራዊት ሄዶ ጄኒ የምትባል ኦራንጉታን ስታኮርፍና ስትለማመጥ ያየውም በዚያ ዓመት ነው። ሁለተኛው ማግባት አለማግባት የሚለው ጥያቄ ነበር። ይህንንም እንደ ሳይንስ ጥያቄ ያዘው፤ ወረቀት ወስዶ ለሁለት ከፈለና በአንድ በኩል የማግባትን፣ በሌላው በኩል ያለማግባትን ነገር ዘረዘረ። ያገባ ሰው በእርጅናው ጓደኛ ያገኛል፣ ከውሻ ይሻላል አለ። በሌላው በኩል ለመጽሐፍ የሚሆን ገንዘብ ይቀንሳል፣ ማታ ማንበብ ይቀራል፣ ሰው ይወፍራል፣ ዘመድ መጠየቅ ግድ ይሆናል አለ። መጨረሻ ላይ ማግባቱ አሸነፈ። ይህን ዝርዝር ብዙ ሰው እየሳቀ ያነባል፤ እኔን ያስገረመኝ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ሴትየዋ እሺ ትላለች ወይ የሚል ጥያቄ አለመኖሩ ነው።

ጥያቄውን ያቀረበላት ኤማ ዌጅዉድ ራሷ መራጭ ነበረች። ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ከእሱ በዘጠኝ ወር ገደማ ትበልጣለች፣ ፒያኖ በደንብ ትጫወታለች፣ ከዚያ በፊት የጋብቻ ጥያቄ ያቀረቡላትን ሌሎች ወንዶች እምቢ ብላ መልሳለች። ዳርዊን በኖቬምበር 11 ቀን 1838 ቤታቸው ሄዶ ጠየቃት። እንደ እኛ አገር ሽማግሌ የለ፣ ዙሪያ ጥምጥም ንግግር የለ። ወዲያው እሺ አለችው፣ እሱም ደነገጠ። ከክፍሉ ሲወጡ ሁለቱም ፊታቸው ከመጥቆሩ የተነሳ ዘመዶች እምቢ ተብሎ ነው ብለው አስበው ነበር። በጃንዋሪ 29 ቀን 1839 ተጋቡ። አባቱ የሃይማኖት ጥርጣሬህን ለሚስትህ አትንገራት ብሎ መክሮት ነበር፤ እሱ ግን ከሠርጉ በፊት ነገራት። ኤማ አማኝ ነበረች፣ አዘነችም፣ ግን አገባችው። ይህ ልዩነት በመካከላቸው እስከ መጨረሻው ኖረ።

ኤማ የአጎቱ ልጅ መሆኗንም መርሳት የለብንም፤ የእናቱ ወንድም ልጅ ናት። በዚያ ላይ የዳርዊን እህት ካሮላይን የኤማን ወንድም አግብታለች። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚያጋባ ሰው ይህ ራስ የሚያሲዝ ነው፤ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ባለጸጋ ቤተሰቦች ዘንድ ግን የተለመደ ነበር። ዳርዊንን ግን በኋላ አሳስቦታል። አሥር ልጆች ወለዱ፣ ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱ። ከሁሉም የጎዳው በ1851 አኒ በአሥር ዓመቷ ስትሞት ነው። ሊያሳክማት ማልቨርን ወደምትባል ከተማ ወስዷት አብሯት ነበር፤ ኤማ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ቤት ቀርታለች። ዳርዊን ራሱም ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ ነበር። ሲያስመልሰው፣ ልቡ ሲመታበት፣ እንቅልፍ ሲነሳው ያስታመመችው ኤማ ናት። ድካሜንና በሽታዬን ለልጆቼ አወረስኳቸው ይሆን የሚለው ፍርሃት አልተወውም። በእፅዋት ላይ ለዓመታት ሙከራ አድርጎ ከራሳቸው ዘር የተዳቀሉት ብዙ ጊዜ ደካማ እንደሚሆኑ አሳየ። በ1871 የሕዝብ ቆጠራ ላይ የአጎትና የአክስት ልጆች ጋብቻ እንዲጠየቅ ወዳጁ በኩል ፓርላማ ድረስ አስጠይቆ ነበር፤ ፓርላማው አልተቀበለውም። ጋብቻና ዘር ለዳርዊን የመጽሐፍ ርዕስ ብቻ አልነበሩም ማለት ነው።

በ1842 ከለንደን ወጥተው ኬንት ውስጥ ዳውን በምትባል መንደር ሰፈሩ። ዳርዊን ቀሪ ዕድሜውን እዚያ ኖረ። የመጀመሪያ ልጁ ዊልያም ከተወለደ ጀምሮ መቼ እንደፈገገ፣ በምን እንደተቆጣ፣ በምን እንደፈራ ቀን በቀን ይመዘግብ ነበር። ልጆቹም፣ እርግቦቹም፣ የአትክልት ቦታው ትሎችም ተመራማሪ ዓይኑ ያርፍባቸው ነበር።

በኖቬምበር 1859 የዝርያዎች አመጣጥ የተባለው መጽሐፉ ታተመ። በተፈጥሮ ምርጫ ሕግ መሠረት ለመኖር የሚጠቅም ነገር ያለው ይተርፋል፣ ይወልዳል፣ ጠባዩንም ያስተላልፋል። እሺ፤ የጣዎስ ጭራስ? ፒኮክ የምንለው ወፍ ያን ሁሉ ረጅምና ከባድ ላባ ተሸክሞ ለመብረር ይቸገራል፣ ለጠላትም ይታያል። ለመኖር የሚጎዳ ነገር እንዴት ተረፈ? ዳርዊን በ1860 ለአሜሪካዊው ወዳጁ ለኤሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ የጣዎስ ላባ ባየ ቁጥር እንደሚያመው ነግሮታል። ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልሱን የሰጠው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1871 በታተመው የሰው ልጅ ትውልድ በተባለው ሁለት ቅጽ መጽሐፉ ነው። ርዕሱ ስለ ሰው ቢመስልም አብዛኛው ገጽ ስለ እንስሳት መጠናናት ነው።

መልሱ ጾታዊ ምርጫ ይባላል። መኖር ብቻውን አይበቃም፤ ዘር ለመተካት ጥንድ ማግኘት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወንዶች እርስ በርስ ሲታገሉ ነው፤ የአጋዘን ቀንድ፣ የአውራ ዶሮ ሹል፣ የወንዱ በአካል መግዘፍ ከዚህ ይመጣሉ። ይህን ማንም ለመቀበል አልተቸገረም። ሁለተኛው መንገድ ግን የሴቷ ምርጫ ነው። ወንዱ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ላባውን ይዘረጋል፤ ሴቷ ታያለች፣ ካልወደደችው ትሄዳለች። እሷ የምትወደው ዓይነት ወንድ ብዙ ልጅ ይወልዳል፣ ትውልድ ሲያልፍ ላባው ይረዝማል፣ ቀለሙ ይደምቃል። ያ የጣዎስ ጭራ በዳርዊን ሐሳብ የተሠራው በሺህ የሚቆጠሩ የሴት ጣዎስ ትውልዶች ዓይን ነው።

ማስረጃውን የሰበሰበው በደብዳቤ ነው። ዶሮ አርቢውንም፣ አዳኙንም፣ የመካነ አራዊት ጠባቂውንም ይጠይቃል። ከእነዚህ ታሪኮች የምወደው ሰር ሮበርት ሄሮን የተባሉ ሰው ያስተዋሉት ነው። ሴት ጣዎሶቻቸው ሁሉ አንድ ዥንጉርጉር ሽማግሌ ጣዎስ ይወዱ ነበር። አንድ ዓመት ያ ሽማግሌ በአጥር ውስጥ ተዘጋበት። ሴቶቹ ሌላውን ቆንጆ ወንድ ትተው በአጥሩ ዙሪያ ተሰብስበው ዋሉ። ዳርዊን ሁሉም ነገር የተሳካለት ግን አይደለም። ቴጌትማየር የሚባል እርግብ አርቢ ወዳጁን ጠይቆ እርግቦችን ደማቅ ሐምራዊ ቀይ ቀለም አስቀባ፤ ሌሎቹ እርግቦች ምን ይላሉ ብሎ ሲጠብቅ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ይህንንም ሳይደብቅ መጽሐፉ ውስጥ ጻፈው። አርገስ ስለሚባለው የእስያ ፌዛንት ላባ ደግሞ ገጽ ሙሉ ጽፏል፤ ላባው ላይ ያሉት ክቦች ብርሃን የወደቀበት ኳስ እስኪመስሉ ድረስ ጥላ ተደርጎላቸዋል።

አገራችንም በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አለች። አልፍሬድ ብሬም የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ተመራማሪ በ1862 ከአንድ መስፍን ጋር ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ወዳለው ወደ መንሳ መጥቶ ነበር፤ ዳርዊንም የእሱን ዘገባ ይጠቅሳል። ጭላዳዎች ከተራራ ወደ እርሻ ሲወርዱ ከሌላ የዝንጀሮ ወገን ጋር እንደሚጋጩ፣ ከላይም ድንጋይ እንደሚያንከባልሉ ጽፏል። ውሾች የከበቡትን ግልገል ለማዳን ብቻውን ከተራራ የወረደ አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ታሪክም አለ። ግልገሉን አባብሎ በውሾቹ መሃል ይዞት ሲሄድ ውሾቹ ከመደነቃቸው የተነሳ አልነኩትም። ዳርዊን ይህን ዝንጀሮ በጣም ስለወደደው በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ እንደገና አነሳው፤ ከጨካኝ ሰው ከመወለድ ከእሱ መወለድን እመርጣለሁ እስከማለት ደርሷል። ስለዚህ በቡና ላይ የምንከራከርበት ዝንጀሮ የኛው አካባቢ ዝንጀሮ ነው። ዛሬ በሰሜን ተራሮች ጭላዳን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች መንጋ የሚመሩ ወንዶች ደረታቸው ላይ ያለው ቅላት ከሌሎቹ እንደሚደምቅ አሳይተዋል። ዳርዊን ቢሰማ ለዝርዝሩ ቢያንስ አሥር ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

የወንዶቹን ፍልሚያ ሁሉም ተቀበለ፤ የሴቷን ምርጫ ግን ጥቂቶች ብቻ። ሴንት ጆርጅ ማይቫርት የተባለ ተቺ የሴት አምሮት ከቀን ቀን ይለዋወጣል፣ በእንደዚህ ያለ ነገር ላይ የማይለወጥ ቀለም ሊሠራ አይችልም አለ። ከዳርዊን ጋር የተፈጥሮ ምርጫን ያገኘው አልፍሬድ ዋላስ እንኳ በዚህ ተለየው። ወፍ ለውበት ዓይን አላት ብሎ ማመን ከበደው፤ የወንዱ ድምቀት ከጉልበቱ ብዛት የመጣ ነው፣ ሴቷ የደበዘዘችው ደግሞ ጎጆ ላይ ስትቀመጥ እንዳትታይ ነው አለ። ነገሩ በደንብ የተፈተነው ዳርዊን ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ማልተ አንደርሰን የተባለ ስዊድናዊ ኬንያ ውስጥ፣ ጭራው ወደ ግማሽ ሜትር የሚረዝም ጥቁር ወፍ ላይ ሠራ። 36 ወንዶች ይዞ የአንዳንዶቹን ጭራ ቆረጠ፣ የተቆረጠውን በሌሎቹ ላይ በሙጫ ቀጠለ፣ ቀሪዎቹን እንዳሉ ተወ ወይም ቆርጦ መልሶ አጣበቀ። ጭራው በተቀጠለለት ወንድ ክልል ውስጥ ብዙ ሴቶች ጎጆ ሠሩ። ሥራው የታተመው በ1982 ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልምጣ። ዳርዊን በዚያው መጽሐፍ ስለ ሰው ሲጽፍ ነገሩን ገለበጠው። በሰው ዘንድ ወንዱ በጉልበትም በአእምሮም ስለሚበልጥ ሴቷን ገዝቶ ይይዛታል፣ ስለዚህ የመምረጥ ሥልጣን የወንዱ ሆኗል አለ። ምርጫውን በሴቷ ላይ ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም፤ ሴቶች የሚወዱትን የሚመርጡባቸው ሕዝቦች እንዳሉ ጽፏል። ስለ አእምሮ ግን በግልጽ ፈረደ። በቅኔ፣ በሥዕል፣ በሙዚቃ፣ በታሪክ፣ በሳይንስና በፍልስፍና የታወቁ ወንዶችና ሴቶች ስም በሁለት ዓምድ ቢጻፍ ሁለቱ ዓምዶች አይወዳደሩም አለ። ሴት ርኅሩኅና ከራስ ወዳድነት የራቀች ናት፣ ግን ፈጥኖ የመረዳት ችሎታዋ የዝቅተኛ ዘሮች ጠባይ ነው ብሎም ጨመረ። ባርነትን ከልቡ የሚጠላ፣ ከጆን ኤድመንስተን የተማረ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፉን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ነበር።

ሁለቱን ዓምዶች እስቲ እንያቸው። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ዳርዊን የተማረበት ካምብሪጅ ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበር፤ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። ንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ሴቶችን አባል ያደረገው በ1945 ነው። በዳርዊን ቤት ደግሞ አብዛኞቹ ወንዶች ልጆቹ ካምብሪጅ ሲገቡ ሴቶቹ ቤት ተማሩ። ያ መጽሐፍ ራሱ ለማተሚያ ከመላኩ በፊት ረቂቁን ያነበበችውና ያረመችው ልጁ ሄንሪዬታ ናት። አባቷ በአርትዖቷ ተደስቶ አመስግኗታል። ስለ ሴት አእምሮ የሚናገረው ምዕራፍም በእጇ ሳያልፍ አልቀረም። ጣዎስ አጥር ላይ ስትሰበሰብ ያስተዋለ ዓይን ከጎኑ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችውን አላየም።

ለፍትሕ ያህል፣ ስለ አካል የጻፈው ብዙው አሁንም ይሠራል። ወንዶች የጡት ጫፍ ያላቸው ለምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ በቁም ነገር ያነሳው እሱ ነው፤ የወንድና የሴት አካል ከአንድ መነሻ የሚወጣ መሆኑንም አስተውሏል። ወንድም የጡት ካንሰር እንደሚይዘው ለሕመምተኛ በምናስረዳበት ጊዜ የምንናገረው ስለዚሁ መነሻ ነው። ችግሩ አካልን ከማየት ወደ አእምሮ መፍረድ የዘለለበት ቦታ ላይ ነው።

መልስ የሰጡት ሴቶች ናቸው። አንቶኔት ብራውን ብላክዌል አሜሪካዊት ነበረች፤ ኦበርሊን ኮሌጅ ሥነ መለኮት ተምራ ስትጨርስ ዲግሪውን ከለከሏት፤ ሆኖም በ1853 በቤተ ክርስቲያን አገልጋይነት ተሾመች። በ1869 የጻፈችውን የሳይንስ መጽሐፍ ለዳርዊን ላከችለት። እሱም በአክብሮት መለሰላት፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የጻፈው ለወንድ ነበር። የሳይንስ መጽሐፍ የጻፈች ሴት ትሆናለች ብሎ አላሰበም። በ1875 በተፈጥሮ ውስጥ ስላሉት ጾታዎች በጻፈችው መጽሐፍ ተከራከረችው። ወንድና ሴት በየዝርያው የተለያየ ነገር ተሸክመው በድምሩ እኩል ይመጣሉ አለች። ዳርዊን የወንዱን ቀንድና ላባ ጽፎ ሲጨርስ ሴቷ ለመውለድና ለማሳደግ ያዳበረችውን አልቆጠረም፤ ሚዛኑ በአንድ ወገን ብቻ ተጭኗል ማለቷ ነው። ይህን ስትጽፍ ልጆች ታሳድግ ነበር። በ1920 አሜሪካ ውስጥ ሴቶች ድምፅ ሲሰጡ እሷም በ95 ዓመቷ ሄዳ መረጠች።

ሊዲያ ቤከር ደግሞ የማንቸስተር ሰው ናት፤ ለሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት ስትታገል በጎን እፅዋት ታጠናለች፣ ለዳርዊንም ናሙና ትልክለት ነበር። ለሴቶች ማኅበሯ ስብሰባ የሚነበብ ጽሑፍ ስትጠይቀውም ላከላት። ይህ ነው ዳርዊንን ለመፈረጅ የሚያስቸግረው። ሴቶች ያዩትን ነገር አምኖ ይቀበላል፣ ይመልስላቸዋል፣ ስማቸውንም ይጠቅሳል። ፍርዱን ግን አልለወጠም።

የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው በዲሴምበር 1881 ነው። ካሮላይን ኬናርድ ማሳቹሴትስ ውስጥ በቦስተን አጠገብ ትኖር ነበር። በአንድ የሴቶች ስብሰባ ላይ ሴት በተፈጥሮዋ ታንሳለች የሚል ጽሑፍ ሲነበብ ሰማች፣ ማስረጃውም የዳርዊን መጽሐፍ ነው ተባለ። በትሕትና ጻፈችለት፦ ስህተት ከሆነ የስምዎ ክብደት እንዲያርመው እለምናለሁ የሚል ይዘት ነበረው። ዳርዊን በጃንዋሪ 9 ቀን 1882 መለሰ። ሴቶች በግብረ ገብ ከወንድ ይበልጣሉ፣ በአእምሮ ግን ያንሳሉ፤ እኩል ለመሆን እንደ ወንድ ሠርተው የቤተሰብ እንጀራ የሚያመጡ መሆን ይኖርባቸዋል፤ ያ ቢሆን ደግሞ ልጆችና የቤት ደስታ ይጎዳሉ አላት።

ካሮላይን በዚያው ወር መልስ ላከች፤ አሁን ትሕትናው ቀርቷል። ሠርታ የቤተሰብ እንጀራ የማታመጣ ሴት ማን ናት አለችው። ስፌት እየሰፋች፣ ልጅ እያስተማረች፣ ቤት እያስተዳደረች ከባሏ እኩል የምትደክመውን ቆጠረችለት። የሴቶች አካባቢ እንደ ወንዶቹ ይሁን፣ ዕድሉም እኩል ይሰጣቸው፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያንስ ይፈረድ አለችው። የጠየቀችው ዳርዊን ለእርግብና ለኦርኪድ ያደረገውን ነው፤ መጀመሪያ ሁኔታውን እኩል አድርጎ ማወዳደር።

ዳርዊን በዚያ ክረምት ልቡ ደክሞ ነበር። ደረቱን እያመመው በአትክልት ቦታው የሚመላለስበትን መንገድ እንኳ ተወ። ኤማ እንደ ሁልጊዜው አስታመመችው፣ ሄንሪዬታም መጣች። ኤፕሪል 19 ቀን 1882 በ73 ዓመቱ በቤቱ ሞተ። ቤተሰቡ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሊቀብሩት አስበው ነበር፤ ወዳጆቹ ግን ጠይቀው በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ። ኤማ ወደ ለንደን አልሄደችም፤ ዳውን ቀረች። ከእሱ በኋላ 14 ዓመት ኖራ በ1896 አረፈች። የካሮላይን ኬናርድ ሁለተኛ ደብዳቤ ከዳርዊን ወረቀቶች ጋር ዛሬም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አለ።